በጫማ የለየኋቸው

ጥቅምት 3

ሰማንያ አንድ ዓመት ሞላኝ። እናታችን የተወለድኩበትን ቀን አታውቅም ነበር፤ "በአጨዳ ሰሞን" ብቻ ትላለች። ወታደር ቤት ስገባ ጸሐፊው ቀን አምጣ ሲለኝ ጥቅምት 3 አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልቀየርኩም። ያልኩትን አልቀይርም።

ጢሜን አሁንም ራሴ እላጫለሁ፣ ያለ መስታወት። ውሃ ሲጠፋ ሁለት ጀሪካን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አወጣለሁ። አንድ አንዱን... እያረፍኩ። ቁልፍ እተክላለሁ። የተቀደደ እሰፋለሁ። ሾርባ እሠራለሁ። ሾርባው አይጥምም። እበላዋለሁ።

ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት። ሠራተኛ እንቅጠርልህ አሉኝ። እምቢ። "አንተ ሞተህ እንኳ እምቢታህ ሳይሞት ይቀራል" ትለኝ ነበር እሷ።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፣ ጦር ሰፈር፣ ከጦርነቱ በኋላ። ይህን የምጽፈው እጄ እንዳይረሳው ብዬ ነው። ለማንም አይደለም።

ጥቅምት 6፣ ቅዳሜ

ልጅቷ መጣች። የወንድሜ ልጅ። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ነርስ ናት፤ ለእኔ ግን ያው ልጅቷ ናት። አባቷ ሲዘምት በእናቷ ሆድ ነበረች። አላያትም። እናቷም ስድስት ዓመት ሳይሞላት ሄደችባት። እኔና ባለቤቴ አሳደግናት። እኛ አልወለድንም።

ጋሼ ነው የምትለኝ። እናቷ ናት ያስተማረቻት። "አባባ የሚባለው አባትሽ ሲመጣ ነው" ብላ። ቃሉን ለሌላ ሰው አውጥታው አታውቅም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ገና ከበሩ ሳትገባ፦
"ጋሼ፣ ሰማህ? ማዶኞቹ የእኛን ሙታን ሊመልሱ ነው። እኛም የእነሱን።"
"ሬዲዮ አለኝ እኮ።"
"አባቴ ይኖርበታል አይደል?"

ምን ልበላት? ወንድሜ ከወንዝ ማዶ ሰዎች ጋር ከተዋጋንበት ኮረብታ አልተመለሰም። ከእኛ ሙታን መካከልም አልነበረም። አንድ በአንድ ያየሁ እኔ ነኝ። ስለዚህ እስከ ማዶኞቹ ምሽግ ድረስ ዘልቆ ገብቶ እዚያ ወድቋል፣ እነሱ ቀብረውታል ብለን ነው አርባ ሦስት ዓመት የኖርነው።

"ይኖርበታል" አልኳት።

ሳህን ስታጥብ ስታንጎራጉር ሰማኋት። እሷ ታንጎራጉራለች እንዴ?

ጥቅምት 11

ሁለት ሰዎች መጡ። አንድ ሻለቃ፣ የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል። አንድ ደግሞ ከውጭ ጉዳይ፣ ባለ ከረባት። ባለ ከረባቱ ሊቀመጥ ሲል ወንበሩን በሶፍት ጠረገ።
"ንጹሕ ነው" አልኩት።
"አይ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው አባባ።"
"እዚህ ቤት ልማዱን በር ላይ ተወው።"

ሻለቃው ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ጠየቀኝ፦
"አስር አለቃ፣ ኮረብታው ላይ የቀብር ጓድ መሪ እርስዎ ነበሩ?"
"ነበሩ? ማን ሻረኝ?"

መዝገቡ ላይ ሠላሳ ሰባት ማዶኛ ቀብረናል ይላል። የት እንደሆነ ግን አይልም። ከጓዱ ስምንት ሰዎች ሰባቱ አልፈዋል። የቀረሁት እኔ። ማዶኞቹም ሠላሳ ሰባት ሊሰጡን ተስማምተዋል። ሠላሳ ሰባት በሠላሳ ሰባት። ተፈርሟል። ከዚያ ድንበሩ ላይ ያለው ድልድይ ይከፈታል፣ የጭነት መኪና ይመላለሳል።

ከአልጋው ሥር ደብተሬን አወጣሁላቸው። ያኔ መጻፍ አልችልም። ክብ የእኛ፣ ጭረት የእነሱ። የላይኛው ጉድጓድ ክብ ብቻ፤ እነሱን መንግሥት በኋላ ወደ ወታደሮች መቃብር አዛውሯቸዋል። የታችኛው ጉድጓድ ጭረት ብቻ። ሠላሳ ሰባት ጭረት። ቆጠሩ። ልክ ነው።

"አንድም ሰው አሳስቼ አልቀበርኩም" አልኳቸው።
ሻለቃው ተነስቶ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠኝ። በገዛ ቤቴ! ደስ አለኝ። ለማን ብዬ እዋሻለሁ?

ጥቅምት 14

የደንብ ልብሴን አወጣሁ። ብብቱን ብል በልቶታል። ሰፋሁት። ሱሪው ደግሞ ሰፍቷል። እሱ እዚያው ነው፣ እኔ ነኝ የጠበብኩት።

ጥቅምት 19

ኮረብታው። ያኔ አሥራ አንድ ቀን በእግር የተጓዝነው ዛሬ ስድስት ሰዓት በመኪና። አስፋልት!

ሻለቃው ከሳጥን አንዲት ትንሽ የምትበር ነገር አወጣ። ድሮን። "ይቺ መሬቱ የት ተቆፍሮ እንደነበር ታሳያለች" አለ። ከጠዋት እስከ ቀትር ስታንዣብብ ዋለች። አራት ቦታ አሳየች። ሦስቱ የጅብ ጉድጓድ ነው። አራተኛው ምሽግ።

"አሁን እኔን ልቀቁኝ" አልኩ። ከተሰነጠቀው ቋጥኝ ስልሳ እርምጃ ወደ ፀሐይ መግቢያ። ረገጥኩ፣ ቆጠርኩ፣ እዚህ ቆፍሩ አልኩ። ቆፈሩ። ምንም።

ሾፌሩ ሲጋራውን እያጨሰ፦ "አስር አለቃ፣ ቋጥኙ ሸሽቶ ይሆናል እንጂ እርስዎማ አይሳሳቱም።" ሁሉም ሳቁ። ደሜ ፈላ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ቋጥኙ አልሸሸም፣ እርምጃዬ ነው ያጠረው። ሃያ እርምጃ ጨምሬ ቆምኩ። "እዚህ።" ክንድ ተኩል ሳይቆፍሩ ከስክስ ጫማ ወጣ።

አጨበጨቡ። ሾፌሩ ሲጋራ ጋበዘኝ። አላጨስም፤ ተቀበልኩት።

ሻለቃው አሁን ውጊያ ማለት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነው ይለኛል፣ ስክሪን ፊት፣ ሻይ እየጠጡ። "የሞተውንስ ማን ይቀብረዋል?" አልኩት። ድሮኗን ወደ ሳጥኗ መለሰ።

ጥቅምት 20

አጽም እንድትመረምር የተላከችው የአጥንት ሐኪም ሥራ ጀመረች። ቀጭን ሴት፣ ንግግሯ ቁጥብ። በብሩሽ እየጠረገች አንድ በአንድ ነጭ ሸራ ላይ ታሰልፋቸዋለች። ሥራዋን የምታከብር ሰው ናት። ወደድኳት።

"አስር አለቃ፣ ያኔ የእናንተንና የእነሱን በምን ለያችሁ?"

አስረዳኋት። ኮረብታው እጃችን የገባው በስምንተኛው ቀን ነው። ሳሩ ተቃጥሏል። ልብሱን እሳት በልቶታል፣ ፊቱን ፀሐይ። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የስም ቁራጭ ለእኛ ገና አልደረሰም፤ የእነሱንም ቀድሞን የወጣ ምርኮ ፈላጊ በጥሶ ወስዶታል። አፍንጫችንን በጨርቅ አስረን... ምን ይታያል? ጫማ ይታያል። የእነሱ ከስክስ ሶሉ ላይ ሚስማር ተመቶበታል። የእኛ ጎማ ነው። እግሩን አነሳለሁ፣ ሶሉን አያለሁ። ሚስማር ከሆነ ታች። ጎማ ከሆነ ላይ።

"ጥሩ ዘዴ ነው" አለች።
"የራሴ ነው" አልኳት።
"ሁሉም በደረታቸው ነው የተኙት። ለምንድን ነው?"
"የጠላትን እንደዚያ ነበር የምናደርግ። የራሳችንን በጀርባው፣ ፊቱን ወደ ሰማይ።" ትእዛዝ አልነበረም። ልማድ ነው። ጻፈችው። ስትጽፍ ግን ቀና ብላ አላየችኝም።

ወደ ማታ ከቆፋሪዎቹ ወታደሮች ጋር ዳቦ እየበላን ሳለ ጫማቸውን አየሁ። አዲስ ከስክስ፣ ያብረቀርቃል።
"የት የተሠራ ነው?"
"ማዶ ነዋ!" አለ አንዱ። "ጨረታውን እነሱ አሸነፉ። ርካሽ፣ ጠንካራ።"
"የጠላት ጫማ አድርጋችሁ ነው የጠላት አጽም የምትቆፍሩት?"
"አባባ፣ ጫማ ምን ጠላት አለው? ያጠለቀውን ተከትሎ ይሄዳል።"

ሳቁ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ። እንደተከፈተ ቀረ።

ሦስተኛ ሻምበል።

ከኮረብታው ውጊያ አንድ ወር በፊት ሦስተኛ ሻምበል የማዶኞቹን ግምጃ ቤት ሰብሮ ነበር። የእኛ ጎማ በዝናቡ ተልጦ አልቆ፣ ግማሹ ሰው በጨርቅ ነበር የሚሄደው። ጫማ አገኙ፣ መቶ ምናምን ጥንድ። ወንድሜ የሦስተኛ ሻምበል ወታደር ነበር። ድንኳኔ ድረስ መጥቶ ድንጋይ ላይ ወጥቶ እየረገጠ፣ ቀጭ ቀጭ... "ስማው! እንደ ፈረስ! እንደ ፈረስ!" ይለኝ ነበር።

ሦስተኛ ሻምበል ኮረብታውን የወጣው በማን ጫማ ነው?

አርባ ሦስት ዓመት ይህን አላሰብኩትም? ወይስ አስቤ...

ጥቅምት 21

ዛሬ የሆነውን ልጽፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሳሁ። ልጻፈው።

ጠዋት ሻለቃው ወታደሮቹን አሰለፈ። እኔን ፊት አቆመኝ። "ይህን ሰው እዩት። እጁ ላይ አንድ ሬሳ አልተሳሳተም። ሥራ ማለት ይህ ነው" አላቸው። አጨበጨቡ። ገና ጭብጨባው ሳያልቅ የአጥንት ሐኪሟ ከነጩ ሸራ አጠገብ ጠራችኝ። ሻለቃውም ተከተለኝ።

በመቆንጠጫ የያዘችው ጨርቅ ነው። የሻገተ፣ የደረቀ ቁራጭ።
"ስድስቱ ጫማቸው ውስጥ ጨርቅ ወትፈዋል" አለች። "ጫማው ለእግራቸው ሰፊ ነው። ሰው በልኩ ያልሆነ ጫማ አድርጎ ለምን ይዘምታል? ይቺ እንዲያውም በጣም ትንሽ እግር ናት፣ እዩዋት።"

ጨርቁ ላይ አረንጓዴ መስመር አለ። ደብዝዟል፤ ግን አለ።

ወንድሜ እግሩ ትንሽ ነበር። እናታችን "ይህ እግር ለሠርግ እንጂ ለዘመቻ አይሆንም" እያለች ታሾፍበት ነበር። ያን ዕለት ድንጋዩ ላይ ሲረግጥ ጫማው ወለቀበት። "ጨርቅ ስጠኝ" አለኝ። ፎጣዬን ቀድጄ ሰጠሁት። ባለ አረንጓዴ መስመር ፎጣ።

"ምክንያቱን ያውቃሉ አስር አለቃ?"

ሻለቃው አጠገቤ ነው። ወታደሮቹ ገና አልተበተኑም።

"አላውቅም" አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት። እሷ ጨርቁን እንደያዘች ስታየኝ "አላውቅም አልኩሽ እኮ!" ብዬ ጮህኩባት።

ጥቅምት 22

ተመለስኩ። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሊያጫውተኝ ሞከረ። ተወኝ አልኩት።

ጥቅምት 23

አልተላጨሁም።

ጥቅምት 25

እሺ፣ ስድስቱ ጨርቅ ነበራቸው። ጫማው ልካቸው የሆነውስ? ስንት ናቸው? ሠላሳ ሰባቱ ጭረቶች ውስጥ ስንቱ ክብ ነው?

አንስቼ አልነበረም? በእጄ አልነበረም? በእግሩ ይዤ ሶሉን አይቼ "ታች" አላልኩም? ፊቱንማ አላየሁም። ማንም ፊት አያይም ነበር፤ አይቻልም ነበር። ግን እግሩ ትንሽ መሆኑን እጄ አላወቀም? የገዛ ወንድሜን እግር?

በደረቱ ደፋሁት።

ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ

ልጅቷ መጣች። ጥቁር ልብስ አሰፍታለች። ከእናቷ ጎን የመቃብር ቦታ ለምና አግኝታለች። "አብረው በቅጡ ኖረው አያውቁም እኮ ጋሼ፣ ሁለት ወር ነው አብረው የኖሩት።" እየሳቀች ነው የምትናገረው። ዕቃው ሁሉ ተዘጋጅቷል፤ የጎደለው ሰውዬው ነው።

ልነግራት ነበር። ሻይ ቀዳችልኝ። ጠጣሁ። ሄደች።

እጇን ያዝኩ ደግሞ። "ጋሼ፣ እጅህ ቀዘቀዘ" አለችኝ።

ኅዳር 2

ውጭ ጉዳይ ሄድኩ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል ኮሪደር ላይ። ወንበር አቀረቡልኝ፣ ቆሜ ጠበቅኩ። ባለ ከረባቱ በሩን ዘጋና ሰማኝ። አላቋረጠኝም፤ ይህን አልነሳውም። ስጨርስ ብዕሩን አስቀመጠ።

"አባባ፣ ሳጥኖቹ ታሽገዋል።"
"ይከፈቱ።"
"ዝርዝሩን ሁለቱም መንግሥት ፈርሟል። የደም ምርመራ አይደረግም፣ በቁጥር ብቻ እንለዋወጥ ተባብለናል፤ ይቺን አንዲት መስመር ለመስማማት አራት ወር ፈጅቶብናል። አሁን እኔ ተነስቼ ከሠላሳ ሰባቱ ስድስቱ የእኛ ናቸው ብል ምን ይላሉ? ስድስት ጎደለ ይላሉ። ከዚያ እኛም ስድስት እንቀንስ ይላሉ። ከዚያ ድልድዩ ይቀራል። ከዚያ ደግሞ..." እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ እንደ ድሮኗ።

"ታዲያ ወንድሜን ለጠላት ልስጥ?"
"ጠላት አይባልም አሁን።"
"ምን ይባላል?"
"ጎረቤት።"

ለስለስ አለ። ውሃ ቀዳልኝ።
"ሐኪሟ ሪፖርቷ ላይ ጥያቄ አስቀምጣ ነበር። ስለ ጨርቁ። ያኔ ኮረብታው ላይ እርስዎ አንድ ቃል ብለው ቢሆን እኮ ገና አልታሸገም ነበር። እንነጋገርበት ነበር። እርስዎ ግን አላውቅም አሉ፤ እሱ ተጻፈ፣ ተፈረመ።"

እውነቱን ነው። ከረባት ያሰረ ሁሉ ውሸታም አይደለም።

"ለልጅቱ አንድ ሳጥን እናደርግላታለን" አለ። "ከሚመጡት ውስጥ ዕድሜውም ቁመቱም የሚቀራረብ አለ። እሷ ትረፍ። እርስዎም ሜዳሊያ አለዎት።"

እምቢ ማለት የማውቀው ሰውዬ፣ በዚያች ሰዓት እምቢታዬ የት ሄደ? ውሃውን ጠጥቼ ወጣሁ።

ኅዳር 4፣ ቅዳሜ

ደውለውላት ነበር። "ቁመቱ አጭር፣ ዕድሜው ከሃያ እስከ ሃያ አምስት! አባቴ ሃያ አራት ነበር አይደል? አጭር ነበር አይደል?"
"ነበር።"
አቀፈችኝ። ከበሩ ወጥታ ደግሞ ተመልሳ አቀፈችኝ።

ኅዳር 8

ድልድዩ። ሠላሳ ሰባት ሳጥን ከእኛ ወደ እነሱ፣ ሠላሳ ሰባት ከእነሱ ወደ እኛ። ባንድ፣ ካሜራ፣ ምንጣፍ። እኔ የደንብ ልብሴን ለብሼ፣ ሜዳሊያው ደረቴ ላይ። ይከብዳል፤ ቆርቆሮ ነው ግን ይከብዳል።

ከእኛ የሚሄዱት ሳጥኖች መውጣት ጀመሩ። የእነሱን ባንዲራ አልብሰዋቸዋል። ቁጥር አላቸው። ሐኪሟ የትንሿን እግር ሳጥን ስንት ቁጥር እንዳለችው ኮረብታው ላይ ሰምቼ ነበር። ሃያ ሁለት። ቆጠርኩ... አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ።

ሃያ ሁለት ፊቴ ሲደርስ እጄ ራሱ ተነሳ። ሰላምታ ሰጠሁ። አልፎ እስኪሄድ አላወረድኩም። እንባዬንም አልጠረግኩም፤ እጄ ሥራ ላይ ነበር።

ሕዝቡ አጨበጨበ። የማዶኞቹ መኮንን ከወዲያ ሆኖ ሰላምታዬን መለሰልኝ። ካሜራዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ምን መሰላቸው?

ቀጥሎ ከማዶ የመጡት። ልጅቷን ወደ አንዱ ሳጥን አቀረቧት። እጇን አስቀመጠች። ጉንጯን አስቀመጠች። እና ያቺን ቃል አወጣቻት።
"አባባ" አለች። "አባባ፣ እኔ ነኝ።"

አጠገቧ ነበርኩ። በሕይወቴ ከዚህ የከፋ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ደግሞ መድፍ የሰማሁ ሰው ነኝ።

ኅዳር 9

ከእናቷ ጎን ቀበርነው። ማንን? እንጃ። የሰው ልጅ ነው። አፈር አለበስኩት፣ በጀርባው መተኛቱን፣ አጽሙን ወደ አዲሱ ሳጥን ያዛወረውን ሳጥን ሠሪ ጠይቄ።

ኅዳር 10

ፎቶዬ ጋዜጣ ላይ። የመጀመሪያው ገጽ። "አረጋዊው ወታደር ለቀድሞ ጠላቶቹ ክብር ሰጠ" ይላል። ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ ያለ መነጽር አነበብኩት። ዳቦ ቤቱ ባለቤት ዳቦ ሲሰጠኝ ሁለት እጁን ዘረጋ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ ሃያ ዓመት ደረጃ ላይ አይቶኝ የሚያልፈው ሰውዬ፣ "አኮሩን" አለኝ። በሬዲዮ አንድ የተማረ ሰው ስለ እኔ ተናገረ። ይቅር ባይነት አለ። ዓለም ተለውጧል አለ።

ይህ ሁሉ ሰው በእኔ ተጽናናና... ለማን ልንገር?

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

ጋዜጣውን ፍሬም አስገብታ ይዛ መጣች። መዶሻም ይዛ መጥታለች። ግድግዳውን እያየች "እዚህ ጋ? ወይስ እዚህ?" ስትል፦

"ተቀመጪ" አልኳት።

ነገርኳት። ጫማውን። ሦስተኛ ሻምበልን። ፎጣውን። በደረቱ መተኛቱንም ነገርኳት፤ ያንን እንኳ ላስቀርላት እችል ነበር፣ ግን ከጀመርኩ አይቀር ብዬ። ሰላምታው ለማን እንደነበር።

ፍሬሙን መሬት ላይ አደረገችው። መዶሻው ጭኗ ላይ።
"ሐኪሟ ስትጠይቅህ ታውቅ ነበር?"
"አውቅ ነበር።"
"ጨርቁን አይተህ?"
"አይቼ።"
"ያኔ ብትናገር ይመጣ ነበር?"
"ይመጣ ነበር ይሆናል።"
"ለምን?"

ምን ይባላል? ወታደሮቹ እያዩኝ ነበር ልበላት? ሻለቃው አሞግሶኝ ነበር ልበላት? ያው እሱን ነው ያልኳት። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ተነሳች። የጠጣችበትን ኩባያ አጠበች። አደረቀችው፣ ደግማ አጠበችው። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፦
"እናቴ ጎን ማንን ነው ያስተኛሁት?"

ኮቷን ይዛ ወጣች። በሩን በቀስታ ዘጋችው። ብታላጋው ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 14

ሬዲዮኑን ዘጋሁ። የመጀመሪያው የጭነት መኪና ድልድዩን ተሻገረ እያለ ነበር። ጥሩ ነው። የሰው ልጅ እንጀራ ነው። ግን አልሰማም።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ

አልመጣችም።

ኅዳር 20

ለሆስፒታሉ ደወልኩ። ሌላ ነርስ አነሳች። "ሥራ ላይ ናት አባባ፣ ማን ልበላት?" ዘጋሁት። ማን ልበላት?

ኅዳር 25፣ ቅዳሜ

ሻይ አፍልቼ ሁለት ኩባያ አወጣሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። አንዱን መለስኩት።

ባለቤቴ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር? ምንም አትለኝም ነበር። እሷ ከአሥር ዓመት በፊት ነግራኛለች። "አንተ ሰውዬ፣ ሰው ከሚያውቅብህ ብትሞት ትመርጣለህ" ብላኛለች። ስድብ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር 28

ሻለቃው ደወለ። ፎቶዬ በትልቁ ታትሞ ድልድዩ ላይ ሊሰቀል ነው። "ልጆች ይማሩበታል አስር አለቃ።"
"አውርዱት" አልኩት።
"ገና አልተሰቀለም እኮ።"
"እንግዲያው አትስቀሉት። ያ ሰላምታ ለማዶኞቹ አልነበረም። ለወንድሜ ነው። የእኛን ልጆች ከእነሱ ጋር የቀበርኩ እኔ ነኝ። ሐኪሟ ስትጠይቀኝም እያወቅኩ ዋሽቻታለሁ። ያን ዕለት ላሰለፍካቸው ወታደሮች እንዲህ ብለህ ንገራቸው።"

በሩን ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ "ይህን ያልሰማሁ ያህል ይቆጠር" አለ።
"ሰምተሃል" አልኩትና ዘጋሁ።

ፊደሉ ተጣሟል። ግን ያሉብኝን ዕዳዎች ዛሬ ልጻፋቸው፣ ነገ ማን ያውቃል። የገንዘብ አይደሉም። የገንዘብ ቢሆኑ ምንኛ በቀለሉ።

የአጥንት ሐኪሟ አለች። ጮኼባታለሁ፤ ሥራዋን አበላሽቻለሁ። ቢሮዋን ጠይቄ አግኝቼዋለሁ፣ ሁለት ሰዓት ይከፍታሉ። ነገ አንድ ሰዓት ተኩል በሩ ላይ ነኝ። ከዘመድ ምራቅ ተወስዶ አጥንት ይለያል አሉ። ምራቄን ትውሰድ። ደሜንም ትውሰድ። ማዶ ያሉት አንሰጥም ቢሉም ወረቀቱ ላይ ይኑር።

ሌሎቹ አምስቱ አሉ። ከአምስትም ይበልጡ ይሆናል። ከሦስተኛ ሻምበል ከጠፉት የሁለቱን ቤት አውቃለሁ። የአንዱ እህት በሕይወት አለች፣ ዓይኗ አያይም። ፊቴን ባታይም ፊቷ ቆሜ እነግራታለሁ።

ማዶ አንዲት ሴት አለች። አላውቃትም፤ ግን አለች። ሳጥን ሃያ ሁለት ላይ ተደፍታ ልጄ ብላ ያለቀሰች። ወንድሜን አልቅሳለታለች፤ እኔ እንኳ በቅጡ ያላለቀስኩለትን። ለእሷ ምስጋናም አለብኝ፣ እውነትም አለብኝ። የትኛው እንደሚቀድም አላውቅም። ድልድዩ ለመኪና ከተከፈተ ለእግረኛም ይከፈታል። እስከዚያ ብቆይ።

ለወንድሜ... የሱን መጻፍ አልችልም።

የልጅቷ ቀረ። ለእሷ የሚሰጥ ነገር የለኝም። ይቅርታ ብላት የእኔን ሸክም እንጂ የእሷን ምን ይቀንስላታል? ያቺን ቃል አርባ ሦስት ዓመት አስቀምጣ በማያውቁት ሰው ላይ አስወጥቻታለሁ፤ እሱን የሚመልስ ክፍያ የለም። ቢሆንም እሄዳለሁ። ቤቷ አምስተኛ ፎቅ ነው። አንኳኩቼ እቆማለሁ። ካልከፈተች በሚቀጥለው ቅዳሜ እቆማለሁ። ሽማግሌ አልልክም፣ ጎረቤት አልልክም፣ ስልክ አልደውልም። ራሴ።